ማንም የማያውቀው ፓስወርድ

ይህ የሆነ ነገር ነው። የሰማሁት አይደለም፣ የጓደኛዬ ጓደኛ የነገረኝም አይደለም... በዓይኔ ያየሁት፣ ደሙም ከሸሚዜ አልለቅ ያለ ነው።

እኩለ ሌሊት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ውሻ ያላዝን ነበር ብዬ ባሳምርላችሁ ደስ ባለኝ። አልነበረም። ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የሕመምተኞች መዝገብ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ እጠብቃለሁ። ነርስ ታናሽ እህቴ ናት፤ እሷ ታች፣ ድንገተኛ ክፍል መግቢያ ላይ ተቀምጣ የሚመጣውን ትመዘግባለች።

ከእኔ በፊት ይህን ሥራ የሚሠሩት ጋሽ ነጥብ ነበሩ። ስማቸው አይደለም፣ እኛ ያወጣንላቸው ነው። የዳታቤዙን ፓስወርድ ስንጠይቃቸው ስክሪኑ ላይ ያሉትን ጥቋቁር ነጠብጣቦች በጣታቸው እያሳዩ «ይኸው፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ... ጻፍ» ይሉን ነበር።

ፓስወርዱን ለማንም አልተናገሩም።

እንዴት ሠራን ታዲያ?

ከዳታቤዙ ጋር የምንገናኝበት ፕሮግራም ላይ «ፓስወርዱን አስታውስ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። አንዴ ምልክት ካደረጋችሁባት ፕሮግራሙ ፓስወርዱን ቆልፎ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛ አይጠይቃችሁም። መቆለፊያውን የሚጠብቅ ሌላ ዋና ፓስወርድ እንድታወጡ ይለምናል እንጂ አያስገድድም። ጋሽ ነጥብ «ዝለል» የሚለውን ተጫኑ። እናም የተቆለፈውም ነገር፣ የሚከፍተው ቁልፍም እዚያው አንድ ፎልደር ውስጥ ጎን ለጎን ተኙ።

ከዚያ ፎልደሩን በፍላሽ እየገለበጡ አደሉን። ለፋርማሲው፣ ለላብራቶሪው፣ ለድንገተኛ ክፍሉ... አሥራ ሁለት ኮምፒውተር። አሥራ ሁለታችንም በሳቸው ስም እንገባለን። ማንም የማያውቀውን ፓስወርድ ሁሉም ይጠቀምበታል።

ከዚያ ማክሰኞ ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ የሰርቨሩ መደርደሪያ ተደፋባቸው። ብረቱ አንገታቸውን ከወለሉ ጋር አጣብቆት ነበር። ስናነሳው የሰማሁትን ድምፅ አልጽፈውም።

ለቅሶ ቤት ውስጥ አለቃችን ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው የጠየቁኝ ፓስወርዱን አስረክበው እንደሆነ ነው። ከጎኔ የነበረው ሳቂታው ቀድሞኝ መለሰ። ሳቂታው የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ ለቅሶ ላይም ይስቃል። «አይጨነቁ» አላቸው። «እኛ ብንረሳቸው ፕሮግራሙ ያስታውሳቸዋል።»

ወደ ማክሰኞው ልመልሳችሁ።

አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ የድንገተኛ ክፍሉን መዝገብ ስቃኝ አንድ መስመር ዓይኔን ያዘው። ወንድ። የበር ዘበኛ። ግራ እጅ፣ ሦስት ጣት። የገባበት ሰዓት... 4:20።

ሰዓቴን አየሁ። ገና ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል።

የኮምፒውተር ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሰዓቱን ነው። ለሳቂታው የአንዱ ኮምፒውተር ሰዓት ቀድሟል አልኩት። ዘበኛችን ቀጠሮ ይዞ ነው የሚቆረጠው ማለት ነው ብሎ ተንከተከተ። እኔም ሳቅሁ።

4:20 ላይ ከግቢው ጩኸት መጣ።

በመስኮት አየን። የብረቱ በር ተንሸራቶ የዘበኛውን እጅ ከምሰሶው ጋር ነክሶታል። ሰዎች ተረባርበው በሩን ሳቡት። እጁ ወጣ።

ጣቶቹ አልወጡም።

ሳቂታው ያን ጊዜ አልሳቀም።

መስመሩን ማን እንደጻፈው አየሁ። የጋሽ ነጥብ ስም ነው ያለው። ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ሁላችንም በሳቸው ስም ስለምንገባ እኛ መሥሪያ ቤት ጥፋተኛ ተገኝቶ አያውቅም። ስለዚህ በዚያች ሰዓት የተገናኙትን ኮምፒውተሮች ዝርዝር አወጣሁ። አሥራ ሁለት መሆን አለባቸው።

አሥራ ሦስት ናቸው።

አሥራ ሦስተኛው የጋሽ ነጥብ የድሮ ኮምፒውተር ነው። እሱ ደግሞ ጠረጴዛዬ ሥር ነው ያለው። ገመድ የለውም። ዲስኩን በገዛ እጄ አውጥቼዋለሁ። እግሬን የማሳርፍበት ነው።

ጎንበስ ብዬ ነካሁት...

ይሞቃል።

ቀና ስል መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ተጨምሯል። ሴት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት። ነርስ። አንገት፣ በመቀስ። 5:20። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ከስሟ ቀጥሎ ያለው ግን የአባቴ ስም ነው።

መስመሩን አጠፋሁት። ጠፋ። እፎይ ልል ስል ተመልሶ መጣ። ሁሉም እንዳለ ነው፤ ሰዓቱ ብቻ 5:05 ሆኗል። ደግሜ አጠፋሁት። ተመለሰ።

4:50።

ሦስተኛ አልነካሁትም። ሰዓቴ ላይ 4:31 ነበር። ደወልኩላት።

«ጋሼ፣ ሰው አለብኝ» አለች በሹክሹክታ።

«ከወንበርሽ ተነሺ።»

«ምን?»

«ተነሺና ከክፍሉ ውጪ። አሁን።»

«የዘበኛው እጅ እዚህ ደም እያዘነበ፣ ወረፋው ኮሪደሩን አልፎ... ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣኸው አይደል?»

ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። የጋሽ ነጥብን ፓስወርድ ሰርቨሩ ላይ መለወጥ፤ እዚያ ሆኖ ለሚለውጥ የድሮውን አይጠይቅም። ያኔ በየኮምፒውተሩ የተቀመጠው ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ አሥራ ሁለቱም፣ አሥራ ሦስተኛውም በሩ ይዘጋባቸዋል። ለአለቃችን ደወልኩ። የሚሠራ ነገር አይነካም፣ ሐሳብ ካለህ በደብዳቤ አቅርብ አሉኝ። 4:38 ነበር። ደብዳቤ!

በኮሪደሩ ሮጥኩ። ሰርቨሩ ክፍል ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ያገኘሁትን ቁልፍ እየተጫንኩ አዲስ ፓስወርድ ሠራሁ። ሃያ ፊደል። አልጻፍኩትም፣ ለማንም አልነገርኩም፣ ፕሮግራሙም እንዲያስታውስ አልፈቀድኩም። የተገናኙትን ሁሉ አባረርኩ። ዝርዝሩ ባዶ ሆነ።

4:44።

ማንም እንዳይመለስ ዝርዝሩን እያየሁ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅሁ። ተርፋለች አልኩ።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። መጨረሻው ደረጃ ላይ ሳልደርስ ከድንገተኛ ክፍሉ ሁላችሁም የምታውቋትን ቃል ሰማሁ።

«ሲስተም የለም!»

ከዚያ የወንድ ድምፅ። «ወንድሜ ደሙ እያለቀ ሲስተም የለም ትሉኛላችሁ?»

ሰዉን እየገፈተርኩ ገባሁ። ሰውየው ግዙፍ ነው፤ ደረቱ በሌላ ሰው ደም ርሷል። ከቁስል ማሸጊያው ትሪ ላይ መቀስ አንስቷል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ጀርባ ብቻ ይታየኛል። ስሟን ጮኼ ጠራሁ።

ክንዱን ያዝኩት። በክርኑ አፌን አለኝ፤ ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ከላዬ መቀሱ ሲወርድ ሰማሁት። አንዴ። ወጣ። ሁለተኛ ሲገባ ደሙ እንደ ፈላ ውኃ አንገቴ ላይ ፈሰሰ። አራት ሰው ተጋግዞ ወለሉ ላይ ጣለው፤ እኔም ከሥሩ እየተሳብኩ ወጣሁ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 4:50 ይላል።

እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ላይ አቧራ የለበሰ የወረቀት መዝገብ ታቅፋለች። ሲስተሙ ሲቋረጥ እሱን ልታመጣ መጋዘን ሄዳ ነው። እኔ ስላቋረጥኩት ተረፈች።

ወንበሩ ላይ ያለው ሳቂታው ነው። አለቃችን ውረድና ድንገተኛ ክፍሉን አስተካክል ብለውት ነው። እኔ ስላቋረጥኩት።

ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። መቀሱ አንገቱ ውስጥ እስከ ቀለበቱ ገብቷል። ቀኝ እጁ ኪቦርዱ ላይ ነው...

ጣቱ ይንቀሳቀሳል።

«ይጽፋል» አልኩ። አፌ በደም ተሞልቶ ስለነበር የሰማኝ የለም።

ስክሪኑ ላይ ፓስወርድ መጠየቂያው ተከፍቷል። በጣቱ ልክ ነጥብ ይጨመራል። አንድ። አንድ። አንድ።

ዶክተሩ አንገቱን ካልተወጋው ወገን ያዘ። ቆየ። ራሱን ነቀነቀ።

«አልፏል።»

«እጁስ?» አልኩት።

«ጅማት ነው። ይቆማል።»

አልቆመም። አሥራ አንድ ነጥብ። አሥራ ሁለት።

«እጁን አንሱት» አለች እህቴ በሹክሹክታ።

ዶክተሩ አነሳው። ጭኑ ላይ አጋደመው። እጁም ጸጥ አለ።

ቁልፎቹ ግን መውረድ አላቆሙም።

ማንም ሳይነካቸው... አንዱ ይወርዳል፣ ይነሣል። ሌላው ይወርዳል፣ ይነሣል። ዓይኔን ጨፍኜ የሠራሁትን ፓስወርድ፣ እኔ ራሴ የማላስታውሰውን፣ አንዲት ፊደል ሳይስት ይጽፈዋል። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ።

ትልቁ ቁልፍ ወረደ።

ተገናኘ።

መዝገቡ ተከፈተ። ከወረፋው አንድ ሰው ከልቡ ተነፈሰና «ተመስገን፣ ሲስተም መጣ» አለ። ሌሎቹም ካርዳቸውን እያወጡ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እግራቸው ሥር ያለውን ደም እንዳይረግጡ ብቻ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

መዝገቡ አናት ላይ የእህቴ መስመር አለ። ስሟ። የአባቴ ስም። አንገት። የሰዓቱ ቦታ ባዶ ነው። ጠቋሚዋ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ትበራለች፣ ትጠፋለች... ትበራለች፣ ትጠፋለች።

«ነይ እንሂድ» አልኳት። እጇን ያዝኩ። ቀዝቅዟል።

አላየችኝም። እጇን ከእጄ ቀስ አድርጋ አወጣች። ሳቂታውን በብብቱ ይዛ ከወንበሩ ወደ ወለሉ አንሸራተተችው። የወንበሩን ደም በጋወኗ ጫፍ ጠረገች። ተቀመጠች። ፀጉሯን ከአንገቷ ላይ ሰብስባ ወደ ላይ አሰረችው።

«ቀጣይ» አለች።