የኤቢሴ አጭር ማብራሪያ

«አካም ኤቢሴ፣ ባለፈው ስላነበብሽልኝ ነገር ላናግርሽ ፈልጌ ነበር» አለ ቲቶ፣ ነጭ በትሩን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ እየከተተ።

ኤቢሴ ፊቷ ጋለ። «ያን ቀን እኮ ራሴን አሞኝ ነበር። ደግሞ ላይብረሪው ሊዘጋ ነው ብለውኝ…»

«ማን ነው ያለሽ?»

«እ… ሰዎች።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? እኔ እኮ ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት።»

ኤቢሴ መቼም አፏ ቀድሟት ይሄዳል፤ ሳትጠየቅ ሰበብ ስትደረድር ይኼ የመጀመሪያዋ አይደለም። ሁለቱ ሰበታ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። ቲቶ ዓይነ ስውር ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በብሬል ስለሌለ እሷ ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ እሱ ወፍራም ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እየወጋ ይጽፋል። ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ። አንድ መስመር እስኪያልቅ የቀረበ ሻይ ይቀዘቅዛል።

ያን ቀን ጓደኛዋ ሉሲ ስልኳን ይዛ የላይብረሪው በር ላይ ቆማለች፤ «ቲክቶክ ልንሠራ ነው፣ ነይ» እያለች በእጇ ትጠራታለች። የሚነበበው ስለ አድቨርብ ነበር፦ ድርጊቱ እንዴት፣ የት፣ መቼ እንደተፈጸመ ስለሚናገረው ቃል። የሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ረጅም ነው። እንደ «አፍተር ስኩል» እና «ኢን ዘ ማርኬት» ያሉ ፕሪፖዚሽናል ፍሬዞችም፣ በመስተዋድድ የሚጀምሩ ሐረጎች ማለት ነው፣ ያንኑ የአድቨርብ ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ ከነምሳሌው ያብራራል። ኤቢሴ ገጹን አየችው፤ ሉሲን አየቻት።

«አድቨርብ ማለት መጨረሻው ላይ ‹ሊ› ያለው ቃል ብቻ ነው» አለች። «እንደ ኩዊክሊ፣ እንደ ስሎውሊ። ሌላው አይቆጠርም። አለቀ።»

ይህን ያለችው መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈ ሁሉ፣ በንባብ ድምፅ ነበር።

«አጭርና ግልጽ» አለ አሁን ቲቶ። «መምህር ጂሬኛ ሲያስረዱን ተወሳስቦብን ነበር። ሉቃስ ከእኔ ገለበጠ፣ ከሉቃስ ደግሞ አብረውኝ ሆስቴል ያሉት ዓይነ ስውር ልጆች በሙሉ ገለበጡ። ሰኞ ፈተና የምንገባው በአንቺ ነው።» ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አወጣ። «ይኼ ከልጆቹ ነው። ሱፍም አለበት።»

ኤቢሴ ቆሎውን ተቀበለች። ሌላ ምን ታድርግ?

ቤት ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ትክ ብላ አየችው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቆሎው ምን አደረገሽ?» አለች እናቷ ደራርቱ።

«አላሰኘኝም።»

«አንቺን? ቆሎ?» እናቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ትኩሳት የለም። ኤቢሴ ግን የሆስቴሉ ልጆች ውሸቷን በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲሸመድዱት ይታያት ነበር። ደግሞ አምነዋት።

እሑድ ከሰዓት መጽሐፉንና ቆሎውን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ሉሲ ጠራቻት፤ «ዛሬ አይመቸኝም» ብላ አለፈች። ቲቶን ሆስቴሉ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወረቀቱ ጭኑ ላይ ነው፤ እያጠና ነበር።

ቆሎውን መዳፉ ላይ አደረገችለት። «አልበላሁትም። ቲቶ፣ ያን ቀን አንድ ገጽ ዘልዬብሃለሁ። ‹ሊ ብቻ› ያልኩህ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ከራሴ የፈጠርኩት ነው። አላመመኝም፤ ላይብረሪውም ሊዘጋ አልነበረም። ሉሲ እየጠራችኝ ነበር።»

ጣቱ መስመሩ መሃል ላይ ቆመ።

«ሉቃስ በቃሉ ይዞታል» አለ።

«አውቃለሁ። ጥራቸው። ለሁላችሁም ከመጀመሪያው አነብላችኋለሁ፤ እስኪመሽም ቢሆን። የተጻፈውንም ላጥፋላችሁ። ብሬል እንዴት ነው የሚጠፋው?»

ቲቶ ከቆሎው ዘገነና መቆርጠም ጀመረ።

«ነጥቡን አንድ በአንድ በጥፍር እየተጫኑ ነው» አለ። «ለቲክቶኩ ጥፍርሽን አሳድገሽ ነበር አሉ፤ ቆርጠሽዋል እንዴ?»