የጊዮርጊስ ግራ ዓይን

ፈንታነሽ ምላሷ የማያርፍ የሰዓሊ ልጅ ነበረች። አባቷ አለቃ ቀለመወርቅ ለደብረ ታቦር አድባራት በተወጠረ ሸማ ላይ ይሥላሉ፤ እሷ ቀለም ትፈጫለች። ቁርኣን ገልባጩ ኢድሪስ ጥቁር ቀለም ሊሸጥላቸው አንድ ቀን ጎራ አለ። አለቃ የእጁን ጥራት አይተው የሥዕሉን ዳር ሐረግ እንዲጥልላቸው ለመኑት። በዚያው መመላለስ ጀመረ።

ቅጠል ከቅጠል ሲያቆላልፍ ይውላል፤ አንዲት ወፍ እንኳ አይጨምርም።

«ወፏ ምን በደለችህ?» ትለዋለች።

ነፍስ ያለውን የሣለ በፍርድ ቀን ነፍስ ዝራበት ይባላል፣ እኔ ከየት አመጣለሁ ይላታል አንገቱን ደፍቶ። እሷ ሽፋሽፍቱን ታያለች።

«እኔንስ አትሥለኝም?»

«አንቺን ብጀምር የት አቆማለሁ?»

የፈጨችው ቀለም ሳትነካው ደረቀ።

ከዚያ ነጋሪት ተጎሰመ። እስላም ሁሉ ይጠመቅ፣ እምቢ ያለ አገር ይልቀቅ ተባለ፤ ተደብቆ የተገኘማ አንገቱን ነው አሉ። ገበያው ጭር አለ። የጉና ጉም ወርዶ መንደሩ ላይ ተኛ።

አለቃ ለተዝካር ወደ ገሳይ በሄዱበት ቀን ኢድሪስ ሊሰናበታት መጣ። ቃል ሳይተነፍስ አንድ ወታደር በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ይህ ማነው?»

«የአባዬ ተማሪ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማተቡስ?»

«ቀለም ነክቶት አጥቤ አሰጣሁት።»

ወታደሩ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከጦሩ አይሻልም። ሸማው ላይ ዓይኖቹ ብቻ ሳይሣሉ የቀሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። በጦሩ ጫፍ አመለከተ።

«ተማሪ ከሆነ ይጨርሰዋ።»

ኢድሪስ ፈንታነሽን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ ፈጣሪው ያውቃል። የጊዮርጊስን ግራ ዓይን ሣለ። እጁ ወደ ቀኙ ሄደና አልታዘዝም አለ።

በሥዕል ባለአንድ ዓይን ሰይጣንና ከሐዲ ብቻ ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሁሉ ያውቀዋል።

«ጊዮርጊስን ሰይጣን አደረገው?» አለ ወታደሩ፣ ጦሩን እያስተካከለ።

ፈንታነሽ ብዕሩን ከኢድሪስ ጣት ነጠቀች። «ቀኙ የኔ ድርሻ ነው። ሁለቱንም ለሱ ብተውማ ያንሻፍፈዋል» ብላ ሣለችው።

ወታደሩ ተጠግቶ አየ። ነገ ማተቡን አንገቱ ላይ እንዳገኘው፣ ብሎ ወጣ።

ነገን መጠበቅ ሞት ነው። ኢድሪስ ወደ መተማ ሊሄድ ተነሣ፤ ፈንታነሽ ቀልድ አጣች።

«ትጠየቅበታለህ አይደል?»

«ለግራው እጠየቃለሁ።»

«ለቀኙ እኔ አለሁ» አለች። «እንግዲያ ያን ቀን አንድ ላይ ነው የምንጠራው።»

ዞሮ አያት፣ ደግሞ አያት፤ ጉሙ ዋጠው። ወሬው እንኳ አልተመለሰም።

ዛሬም የፍርድ ቀን ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ያማትባል። ፈንታነሽ ጠጉሯን ታስተካክላለች።