ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ

አውራው የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ እንደተቀመጠ ነው። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጭኑ ላይ ደፍቶ። አብረውት የታሰሩት ሰዎች ያንቀላፋ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ቆዩ። ሞቶም ተፈራ።

መርማሪው ሲደርስ ሬሳው ተነሥቶ ነበር። እስረኞቹ ግድግዳ ታክከው ቆመዋል። ያዘነ ሰው አይታይም። የሁሉም ዓይን ባዶው አልጋ ላይ ነበር። በዚያ በታፈነ ክፍል ውስጥ አየርና ብርሃን የሚያገኘው ከመስኮቱ ሥር ያለው ያ አልጋ ብቻ ነው፤ የሚተኛበትም የክፍሉ ጌታ ነው።

«ይሄ ጉዳይ እንኳ አያደክምህም» አለው የወህኒ ቤቱ አዛዥ። «ገዳዩን ይዘን ጠብቀንሃል።»

«ማን ነው?»

«ቀማሹ።»

መርማሪው ስለ አውራው ያልሰማው ነገር አልነበረም። ሰውየው ሳይታሰር በፊት በጭነት መኪና ተራው ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ጆንያ አትወርድም ነበር። ከታሰረ በኋላም አትወርድም። ቃሉ አጥሩን ዘሎ ይወጣል፤ ሹፌሩም ተሸካሚውም ይታዘዛል። ጠላት ስለማያጣ ግን ከቤት የመጣለትን ሁሉ ሌላ ሰው ሳይቀምስለት ወደ አፉ አያደርስም። ይህን ሥራ ለዓመታት የሠራው አንድ ሽማግሌ እስረኛ ነው፤ ስሙም በዚያው ቀማሹ ሆኖ ቀረ።

«ዳቦውም ሻዩም ንጹሕ ነው» አለ አዛዡ። «መርዙ የተገኘው በስኳሩ ጣሳ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ሁሉንም ቀምሻለሁ ብሎ ይምላል። ቀምሶ ካልሞተ፣ ከቀመሰ በኋላ መርዙን የጨመረው ራሱ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ አለው?»

«የሚፈታው መቼ ነበር?»

«ቅዳሜ። አሁንማ ምን መፈታት አለ፤ ገመድ ነው የሚጠብቀው።»

መርማሪው የሰው ፊት አያይም እየተባለ ይታማል። እውነት ነው፤ የሚያየው እጅ ነው። «ፊት መዋሸትን ከልጅነቱ ይማራል፤ እጅ ግን ሥራ ከያዘ ይረሳል» ይላል። ሽማግሌው ፊት ለፊቱ ሲቀመጥም ያየው እጁን ነው። እጁ ከውሃው ብርጭቆ አልላቀቅ ብሏል።

«አባቴ፣ ስኳሩንም ቀምሰዋል?»

«ሁሉንም ቀምሻለሁ። ሥራዬ ነው።»

«እንግዲያው ገዳዩ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ሰው አልገደልኩም!»

«እንግዲያው አልቀመሱም።»

«ቀምሻለሁ አልኩህ እኮ ልጄ!»

«ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲዋሽ አይቻለሁ» አለ መርማሪው። «ነፍሱን ለማጣት የሚዋሽ ግን ዛሬ ገጠመኝ።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን ጨለጠና እንደገና ቀዳ። መርማሪው ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ቢሰጠው አመስግኖ ተቀበለና ሳይልጠው ኪሱ ከተተው።

«አይበሉትም?»

«በኋላ።»

«እግርዎን ምን ነካዎት?» የሽማግሌው አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እንቅፋት ነው። ሰነበተብኝ፤ አልድን አለ።»

መርማሪው ወደ ክፍሉ ተመልሶ በሽማግሌው ፍራሽ አጠገብ ተንበረከከ። ፍራሹ ከመስኮቱ አልጋ ቀጥሎ ያለ ነው፤ ሁለተኛው የክብር ቦታ። ከራስጌው በኩል ግድግዳውና ወለሉ የተላቀቁበት ስንጥቅ አለ። የጉንዳን መንገድ ወደዚያ ይሄዳል። ስንጥቁ ውስጥ ከቆይታ ብዛት እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስኳር አገኘ። በላዩ ላይ ደግሞ ገና ያልረጠበ አዲስ ስኳር አለ። በአዲሱ ስኳር ዙሪያ ያሉት ጉንዳኖች ግን አይንቀሳቀሱም። በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። ሞተዋል።

«እናንተ ባትኖሩ ሽማግሌው አብቅቶለት ነበር» አላቸው ለጉንዳኖቹ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሰውየው አብዷል ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ጣሳውን ከውጭ ሊነኩት የሚችሉ ሰዎች ሦስት ነበሩ። ስንቁን ያዘጋጀችው የአውራው ሚስት ናት፤ በመኪና ያደረሰው ታናሽ ወንድሙ፤ ይዞ የገባው ደግሞ ምላሱ የሚባለው የአውራው ቃል አድራሽ። መርማሪው አንድ በአንድ ጠራቸው።

ታናሽ ወንድሙ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «ምላሱ ነው የገደለው! ምን ትጠይቀኛለህ?»

«በምን አወቅህ?»

«ፊቱን አላየኸውም? የእናቱ ልጅ እኔ እያለሁ ወንድሜ ቃሉን ለባዳ ሰጠ። እኔ መሪ ጨብጬ ደጅ ስጠብቅ፣ እሱ ክራቫቱን አስሮ ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር ያንገበግባል፤ ሰው ነኝ።»

«እንዲህ ከሆነ የቀናኸው አንተ ነህ።»

«ቀንቻለሁ!» አለ ወንድሙ። «ብገድል ግን የምገድለው ምላሱን ነው። ወንድሜን ምን ልሁን ብዬ?»

ምላሱ በበኩሉ ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። «እሱን አትስማው» አለ። «ያላገኘውን ሥጋ ሁሉ ገማ ይላል።»

«ካንተ በፊት ቃሉን የሚያወጣው ማን ነበር?»

«እትዬ፣ ሚስቱ። በጠያቂ ቀን ሰምታ ለተራው ትነግራለች።»

«ለምን ተነጠቀች?»

ምላሱ ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አውራው ራሱ ነው። ‹የኔ ቃል የቱ እንደሆነ፣ የሷ የቱ እንደሆነ ጠፋብኝ› አለኝ። ያላዘዘው ነገር ሁሉ በስሙ ተፈጽሞ ይጠብቀዋል። የሚያናድደው ደግሞ፣ እሱ ካዘዘው ይልቅ የሷ ያምር ነበር።»

«ላንተስ ታዘዙልህ?»

ምላሱ ክራቫቱን ነካካ። «ይለምዳሉ። ለጊዜው ግን አንድ ነገር ባዝዛቸው ‹እትዬስ ምን አለች?› ነው መልሳቸው።»

ሚስቲቱ ጥቁር ለብሳ ገባች። እጆቿን አንዱን ባንዱ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ባለቤትዎ ይቀናብዎት ነበር?»

«ወንድ ልጅ በሚስቱ ይቀናል። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«በሌላ ወንድ ማለቴ አይደለም።»

የላይኛው እጅ የታችኛውን ጨበጠ። መርማሪው ያንን አየ። ሴትዮዋ፣ «ሽማግሌውን ምን ታደርጉታላችሁ?» አለች።

«ማስረጃው ሁሉ እሱ ላይ ነው።»

«ምስኪን» አለችና ተነሣች።

በማግስቱ ሁሉም በጠያቂዎች ክፍል፣ በረጅሙ ጣውላ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። አዛዡ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ሽማግሌው እጁ በካቴና ታስሮ በሁለት ጠባቂዎች መካከል ተቀምጧል። መርማሪው ካቴናው እንዲፈታለት ጠየቀ፤ ሻይም አዘዘ። ብርጭቆዎቹና ሌላ የስኳር ጣሳ ሲመጡ በወረቀቶቹ የተጠመደ መሰለ።

«እትዬ፣ ይቅርታዎን፤ እንደ ቤትዎ ቆጥረው ያስተናግዱልን።»

ሴትዮዋ ተነሣች። እጇ ሥራ ያውቃል። ለአዛዡ፣ ለወንድሙ፣ ለምላሱ፣ ለመርማሪው ስኳር እየጨመረች አማሰለች። የሽማግሌውን ብርጭቆ እንዲሁ ገፋ አደረገችለት።

«እትዬ፣ የሽማግሌውን ረሳሽው እኮ!» አለ ምላሱና ማንኪያውን አነሣ።

«ለቀማሽ ስኳር ይነፈጋል እንዴ?» አለ ታናሽ ወንድሙም፣ ጣሳውን ወደ ሽማግሌው እያስጠጋ።

ሴትዮዋ የምላሱን የእጅ አንጓ ጨበጠች። ወዲያው ለቀቀችው፤ ግን አንዴ ጨብጣዋለች።

«በቃ» አለ መርማሪው ወረቀቱን እያጠፈ። «የምፈልገውን አየሁ። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

«አባቴ የስኳር በሽታ አለባቸው። ውሃ አይበቃቸውም፤ የእግራቸው ቁስል አልድን ብሏል፤ ከረሜላዬም እስካሁን ኪሳቸው ውስጥ ነው። በሽታውን ግን ደበቁ። ስኳር የማይቀምስ ቀማሽ ለአውራው ምን ያደርግለታል? ያንን ፍራሽ በቅናት የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ! አውራው በመስኮቱ መንገዱን ሲያይ፣ እሳቸው የስኳሩን ድርሻ ስንጥቅ ውስጥ ያፈሱና ባዶውን ሻይ ያማስላሉ። አውራውም የማንኪያውን ድምፅ ሰምቶ ያምናል። ተሳስቻለሁ?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «አልተሳሳትክም ልጄ።»

«ያፈሰሱትን ስኳር የበሉ ጉንዳኖች ሞተዋል። ስለዚህ መርዙ በጣሳው ውስጥ የነበረው አባቴ ማንኪያ ሳያነሡ በፊት ነው፤ ከውጭ የገባ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሦስት ሰዎች ቀሩን። ከሦስቱ መርዙን ስኳር ውስጥ ለማድረግ የሚደፍር የትኛው ነው? አውራው ካልተቀመሰ እንደማይነካ ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌው ስኳር ይወስዳሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያደርግ የሚሞቱት እሳቸው ናቸው፤ አውራው ይተርፋል። ይህን የሚያደርገው ስኳር እንደማይነኩ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ምላሱ አያውቅም፤ ማንኪያ አነሣ። ወንድምየውም አያውቅም፤ ጣሳ አስጠጋ።»

«አንድ ማንኪያ ስኳር መርሳት ወንጀል ሆነ?» አለች ሴትዮዋ።

«የረሳ ሰው ሲነግሩት ያስታውሳል እትዬ። የሚያስታውሰውን ሰው እጅ አይዝም።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባቴ፣ ወደ ክሊኒክ ብሄድ ለአውራው ይነግሩብኛል ብለው ፈሩ። መድኃኒቱን ከውጭ የሚያመጣልዎ ማን ነው?»

ሽማግሌው መርማሪውን አላየም፤ አዛዡንም አላየም።

«እትዬ» አለ፤ «ልናገር?»

ሁሉም ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ነፍሱ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ፣ ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን እንደሆነ አያችሁ?» አለ መርማሪው።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ጥቁሩ ልብስ የሐዘን መሆኑ ቀርቶ የሹመት መሰለ። «ተናገር» አለችው። «ወይም ተወው፤ እኔው እናገራለሁ። መድኃኒቱን ስንቁ በሚጠቀለልበት ፎጣ ጠርዝ እየሰፋሁ የምልክለት እኔ ነኝ።

«እሱ ውጭ እያለ ሚስቱ ነበርኩ። ሲታሰር ግን እሱን ሆንኩ። በተራው መካከል ሳልፍ ሹፌሮች ሞተር ያጠፉልኝ ነበር። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንደከዳ የማውቀው እኔ! እሱ ከመስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ምን ያውቃል? በወንድ ቢቀናብኝ ደስ ባለኝ። በገዛ ቃሉ ቀናብኝ። ከአፌ ነጥቆ ለዚህ ሰጠው፤ ክራቫቱን እንኳ ሚስቱ ለምታስርለት!»

ምላሱ እጁ ወደ ክራቫቱ ሄዶ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ታናሽ ወንድሙ ሊስቅ ሲል ወንድሙን አስታወሰና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«እትዬ» አለ ሽማግሌው በቀስታ፤ «እኔስ?»

«አንተን ስኳሩ እንደማይነካህ አውቅ ነበር።»

«ስኳሩማ አልነካኝም» አለ ሽማግሌው። «ገመዱ ነው የደረሰብኝ። እያወቅሽ ተውሽኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሴትዮዋ እጆቿን የምታደርግበት አጣች።

ቅዳሜ ሽማግሌው ተፈታ። ከወህኒ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ገብቶ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ፣ «ሻይ! ስኳር የሌለው!» ብሎ አዘዘ። ሲመጣለትም ሳያማስል ጠጣ። መርማሪው አጠገቡ ተቀምጦ ማዶውን ያያል። የአውራው ታናሽ ወንድምና ምላሱ ተራውን ለመያዝ ሲሟገቱ ሰንብተዋል፤ ሹፌሮቹ ግን ለማንም ሞተር አላጠፉም።

የሴት እስረኞች ክፍል ጠባቂ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ መርማሪውን አየችና ጠጋ አለች።

«ያቺ ሴትዮህ ታምር ናት» አለችው። «ገና እንደገባች ከመስኮቱ ሥር የምትተኛዋ ማንም ሳያዛት ፍራሿን አነሣችላት። ቀማሽ እንኳ መርጣለች።»

«እንዴት መረጠች?»

«ሁሉንም አስቆመችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች» አለች ጠባቂዋ። «‹ስኳር የምትወድ ማን ናት?›»