የሚፈታ ጾም

«ማነው ሚሪንዳ ያጠጣት? ጾመኛ ናት እኮ!»

የዙሀይራ ጩኸት ነው። የሰቢሪና ዓይን ቀስ በቀስ ሲጠራ፣ የጓደኛዋ የኦብሴ ትከሻ ላይ ተደግፋለች፤ አገጯ በሚሪንዳ ተጣብቋል፤ የክፍሉ ልጆች ከበዋታል። ሮቤ ከተማ በብርድ ጥርስ በምታንገጫግጭበት ጠዋት እሷን ላብ አጥምቋታል።

ስኳሯ ወርዶ ነው። ይህን ግን ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። ከአምና ጀምሮ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሐኪሙም፣ የሰፈሩ ሼክም «አንቺ አትጾሚም፣ አለቀ» ብለዋታል። ጓደኞቿ ዘንድ ግን ጾመኛ ናት፣ ያውም ቀንደኛ! ትናንት ሻፊ ከቧንቧ ውሃ ሲጎነጭ ይዛው፣ «ሆዳም! ግመል እንኳ ይታገሣል» ብላ ክፍሉን ያሳቀችበት እሷ ናት። ዛሬ መርፌዋን ተወግታ ስታበቃ ቁርሷን የዘለለችውም አፏ ሻይ ሻይ እንዳይሸት ነው።

«እጇ ሲንቀጠቀጥ ራብ መሰለኝ» አለች ኦብሴ። «ጾም መሆኑን ረሳሁት።»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ አትጾሚም!» አለቻት ዙሀይራ።

«ዲፈማ፣ ሰቢ። ይቅርታ።» የኦብሴ ዓይን እንባ አቀረረ። «ጾምሽን አስፈታሁሽ። ቤታችሁ መጥቼ እናትሽን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

እናቷን! እናቷማ «የምን ጾም?» ነው የምትለው።

ሻፊ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ «ማሻአላህ፣ እስክትወድቅ ጾመች» አለ። «እኔ ደግሞ አንድ ቀን አቃተኝ።»

ይሄኛው ከሁሉ ባሰ። የሰቢሪና ጆሮ ጋለ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ዝም ብትል እኮ ያልቃል፤ ኦብሴ ታለቅሳለች፣ እሷ ትመሰገናለች። ስኳሯ ግን ገና አልተመለሰም።

«ጠርሙሱን አምጪው» አለች።

«ምን?»

«ገና አልበቃኝም።»

ሁሉም እያዩዋት እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ዙሀይራ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኦብሴ ምንም አላስፈታችኝም» አለች ሰቢሪና፣ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠርጋ። «የሚፈታ ጾም አልነበረኝም።»

ዙሀይራ እጇን ከአፏ አወረደች።

«ቁጭ በሉ፣ እነግራችኋለሁ።» ሻፊ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ አየችው። ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን ልታየው ግን አልደፈረችም። «አንተም፣ ሻፊ። በተለይ አንተ።»