ሳያዋጣ የበላው ባንክ

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ የዘንድሮው የጊፋታ ሥጋ ጉሮሮዬ ላይ ይቁም። በሬው በሕይወት ቢኖር ራሱ በመሰከረልኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ በልተነዋል። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስለ ባንክ ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። ባንክ ስለ እኔ ኪስ የሚያውቀውን ያህል አውቃለሁ።

አንጁሎ እዚሁ ሶዶ አልጋና ቁምሣጥን የሚሠራ አናጢ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን እንደ መጋዙ ነው። የሰፈራችን የበሬ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ያደረግነው እሱን ነው። ዓመቱን ሙሉ እየቆጠብን ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በሬ እንገዛለን። ማኅበራችን አንድ ደንብ አለው፤ የአሮጌው ዓመት ገንዘብ ወደ አዲሱ አይሻገርም። ከበሬው የተረፈው ሳንቲም ሳይቀር ከባንክ ወጥቶ ጨውና የቃሪያ ዳጣ ይገዛበታል። ሂሳባችን እንደ ተላሰ ሳህን ባዶ ይሆናል። «የተረፈ ገንዘብ ጠብ ይወልዳል» ይላል ሊቀመንበራችን ጋሽ ደገፉ።

ታዲያ ጊፋታ ሊደርስ ሲል አንጁሎ የበሬውን ገንዘብ ሊያወጣ ሄደ። ጎድሏል። ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ከበሬው አንድ እግር ከነሽንጡ የሚያህል ነው የጎደለው።

ባንኩ ውስጥ ቅሬታ የምትቀበለው ልጅ ጽጌሬዳ ትባላለች።

«ይቀመጡ» አለችው።

«ቆሜ ነው የተሰረቅኩት፣ ቆሜ እጠይቃለሁ።»

ቀና ብላ አየችው። የመጋዝ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ተኝቷል። ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።

«ሂሳቡን ዜሮ አድርጋችሁ ሄዳችሁ። የስልክ መልእክት ክፍያ ግን በየወሩ ይቆረጣል።»

«መልእክት ደርሶኝ አያውቅም።»

«ክፍያው ግን ይቆረጣል። ከዜሮ ላይ ሲቆረጥ ሂሳቡ ከዜሮ በታች ወረደ። ባንኩም እንደ ብድር ቆጠረው። ኦቨርድራፍት ይባላል።»

«ማን ተበደረ?»

«እናንተ።»

«መቼ?»

«ሥጋ ስትበሉ» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። «ከዜሮ በታች በመውረዳችሁ መቀጫ ተጣለ። መቀጫው ደግሞ ሂሳቡን የባሰ አወረደው፤ ለእሱም ሌላ መቀጫ መጣ። ገንዘብ ስታስገቡ የተከማቸውን ዕዳ ሁሉ ከላዩ ወሰደ።»

«ስለዚህ ባንኩ ባዶ ኪሴ ውስጥ እጁን ከተተ፣ ምንም ስላጣ ቀጣኝ።»

«በመመሪያው ላይ እንደዚያ ተብሎ አልተጻፈም።»

«እንዴት ተብሎ ተጻፈ?»

መመሪያውን ገልጣ አየችና መልሳ ከደነችው። አንጁሎ ዓይኗን ሲያይ የተናደደው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባው።

ሰፈር ሲመለስ ጋሽ ደገፉ አዳመጠውና፣ «ልጄ፣ የበሬ እግር ብቻውን አይሄድም» አለው። ይህችው በቃች። በማግስቱ አልጋ ያዘዘ ሰው ቀብድ ሊሰጠው ፈራ። ትናንት «አንጁሎ» ብሎ የሚጠራው፣ ዛሬ «እሱ ልጅ» አለው።

አንጁሎ ባንኩን ሥራ ቦታው አደረገው። ሊጮህ ይሄዳል፣ ምሳ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ ጠይቋት ይመለሳል። «እርስዎ» ማለቷ መቼ እንደቀረ ሁለቱም አያውቁም።

«አትጩህ» አለችው አንድ ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጩኸት ፋይል ውስጥ አይገባም። አንዲት ነገር ብቻ ጽፈህ ጠይቅ፤ የተበደርንበትን ውል አሳዩን በል። ኦቨርድራፍት ተፈራርመው ነው የሚወስዱት። ውል ከሌለ ብድር የለም፣ ብድር ከሌለ መቀጫ የለም።»

«ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«ቅሬታ መቀበል ሥራዬ ነው።»

ይህን ስትል ወረቀቶቿን እያስተካከለች ነበር። ወረቀቶቹ ግን ቀድሞም የተስተካከሉ ነበሩ።

ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ዘሩባቤል፣ «እኛ አልቆረጥንም፣ ሲስተሙ ነው የቆረጠው» ብሎ መለሰለት። በደብዳቤም፣ «በአሠራሩ መሠረት ተቀንሷል» አለ። አንጁሎ ደብዳቤውን ይዞ ጽጌሬዳን ጁስ ቤት አገኛት። የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እናቴ ሽማግሌ ካልላከ ሰው ጋር መቀመጤን አትወድም» አለች አቮካዶውን እያማሰለች። «በዚያ ላይ ጴንጤ ነህ።»

«ማንን ልላክ? ጋሽ ደገፉ እንደ ሌባ ነው የሚያየኝ። የበሬ እግር በላ የተባለ ሰው ልጅ ጠይቁልኝ ቢል ማን ይሄድለታል?»

ማንኪያው ቆመ። ሊልክ አስቦ ነበር ማለት ነው። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ነገሩ የሥጋ ነገር መሆኑ ቀረ።

«ደብዳቤውን ለጋሽ ደገፉ አንብብለት» አለችው።

አነበበለት። ሽማግሌው ሁለቴ አስነበበው።

«የበላው ባንኩ ነው?»

«ነው።»

«ሳያዋጣ?»

«ሳያዋጣ።»

ጋሽ ደገፉ ሲናደድ አማርኛው ይጠፋበታል። በወላይትኛ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም፤ አስተማሪዎች ያነባሉ። በገበያ ቀን የጎደለውን በዱቤ ሞልተን በሬውን ገዛንና ከገበያው በቀጥታ ወደ ባንኩ ነዳነው። ጥበቃው ደንቡ ነውና በሬውን በመፈተሻው ዳበሰው፤ መፈተሻው ጮኸ። ምን ውጦ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም። በሬውም ገብቶ የወረፋ ቁጥር ወሰደና በላው።

ዘሩባቤል ከቢሮው ወጣ። «ይህን እንስሳ አስወጡ።»

«እንኳን አደረሰህ» አለ ጋሽ ደገፉ። «አባል መሆንህን አልሰማንም ነበር።»

«የምን አባል?»

«በእኛ ማኅበር የበላ ሁሉ አባል ነው። አባል ደግሞ በሬ ሲጣል እግር ይይዛል፣ ሥጋ ሲከፈል ከእኛ ጋር በተነጠፈው የኮባ ቅጠል ላይ ይቀመጣል። ነገ በጠዋት ና። አልመጣም ካልክ የበላኸውን መልስ።»

«አባቴ፣ ሲስተሙ እኮ ነው...»

«እሱም ይምጣ፣ ሥጋ ይበቃል።»

ተሰላፊው ሳቀ። ዘሩባቤል ደሙ ፈላ። «ሕጋዊ ውል አለን። ጽጌሬዳ፣ ውሉን አምጪ።»

ጽጌሬዳ ተነሣች። ወደ ፋይሉ ሳጥን አልሄደችም። አንጁሎን አየችው። አንጁሎም አያት፤ በዓይኑ «ተዪው፣ እንጀራሽ ነው» አላት። እሷም በዓይኗ አልሰማችውም።

«የለም» አለች። «ፈልጌያለሁ። ይህ ማኅበር የፈረመበት የኦቨርድራፍት ውል የለም፣ ኖሮም አያውቅም።»

በሬው እንኳ ማመንዠኩን አቆመ።

ዘሩባቤል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልን» አለ። ገንዘቡ የዚያኑ ቀን ሂሳባችን ውስጥ ገባ። ጋሽ ደገፉ በሰው ፊት አንጁሎን ትከሻውን ይዞ፣ «እግሩ ብቻውን ሄዷል ለካ» አለው። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጽጌሬዳን ቦምቤ ቅርንጫፍ አዛወሯት። እድገት ነው አሏት፤ ደመወዙ ያው፣ መንገዱ ግን ረዘመ። እውነት የተናገረ ሰው እንዲህ ነው የሚሾመው። አንጁሎ በገበያ ቀን ሚኒባስ ላይ ይንጠለጠልና ቦምቤ ይወርዳል። ትንሽ ብር ያስገባል፣ ደረሰኙን እስክትሰጠው ፊቷን ያያል፣ ይመለሳል።

ጋሽ ደገፉ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ እናቷ ዘንድ ሄደ።

«ልጅሽ እንጀራዋን አስይዛ ለእኛ እውነት ተናገረች» አላቸው። «እኛ ደግሞ የምናስይዘው ይህን ልጅ ነው።»

«ሃይማኖቱስ?» አሉ እናትየው።

«እሱን በአንድ ቀን አንጨርሰውም። ተመልሰን እንመጣለን።»

ተመላለሱ። እናትየው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አለቀሱ፣ በመጨረሻም የሠርጉን ቀን ቆረጡ። በቀጣዩ ጊፋታ ጽጌሬዳ ከአንጁሎ አጠገብ ኮባው ላይ ተቀምጣ ዳጣው ሲያቃጥላት እሱ እንባዋን በእጁ ጠረገላት። ሂሳባችንን ዛሬም ዜሮ እናደርገዋለን፤ አሁን ግን በእሷ ምክር ጨርሰን እንዘጋዋለን።

ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ እንዳይቆም ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። በሬው ባንክ መግባቱ እውነት ነው፤ መፈተሻው መጮኹም እውነት ነው። ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ጠየቀ ያልኳችሁን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ገንዘቡን ሲመልስ ወረቀቱ ላይ «ማስተካከያ» ብሎ ጻፈ እንጂ ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም።