ያልተሰበሩት ሽቦዎች

ያ የብርድ ወቅት ክፉ ነበር። የሩመይሳ አባት የሚሠራበት፣ ቴምቢሳ ሰፈር ያለው ሱቅ ተዘረፈ፤ መደርደሪያው እንኳ አልቀረም። አባቷ ሚስባህ ሥራ አጣ። አባትና ልጅ ሜይፌር ሰፈር አክስቷ ሸፊቃ ቤት ገቡ፤ ወለል ላይ ተኙ። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል። በዚያ ቤት የሚስቅ ሰው አልነበረም።

በዘረፋው ቀን ሩመይሳን ከሱቁ ጓሮ ያወጣት የአክስቷ ልጅ ፈሪድ ነው። በሳይክሉ መጫኛ ላይ አስቀምጧት ሲያመልጡ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። የኋላው ጎማ ሽቦዎች ተበጣጠሱ፣ ቸርኬው ተጣመመ። እሷ ከወደቀችበት ተነሣች። እሱ ግን ክንዱ ተሰበረ፤ በሳይክል ዕቃ የማድረስ ሥራውም አብሮ ቀረ። ክንዱ ከዳነ ቆይቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ጭነት» ነው የሚላት።

«ጭነት፣ ጎማዬን መጠገን ጨረስሽ?» አላት ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ። «ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ካልቻልሽ አልቻልኩም በይ፣ ሳይክሉን ለቁራሌው ልሽጠው።»

«ጨርሻለሁ።»

ጎማውን በጣቷ ገፋችው። ወዲያ ወዲህ ሳይል ቀጥ ብሎ ዞረ። ፈሪድ የሚነቅፈው ነገር ፈልጎ አጣ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ባባ ይየው» አለችው።

ባባ ዱሚሳኒ መንገዱ ጥግ ላይ ሳይክል የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ሩመይሳ በየቅዳሜው ለደንበኞቻቸው ጎማ እየነፋች በክፍያ ምትክ አዲስ ሽቦ ስትቀበል ከርማለች። የሰበሰበችው ለአንድ ጎማ ይበቃል። እሷ ግን ለሁለት ከፍላዋለች። ግማሹን ለፈሪድ ጎማ፣ ግማሹን ከውዳቂ ብረት ለራሷ ለምትገጣጥመው ሳይክል። የጎደለውን በአሮጌ ሽቦ ሞላችው። ትምህርት ቤት የምትሄድበት ጥግ ላይ ልጆች ቆመው መጤ የሚሰደብበትን «ክዌሬክዌሬ!» እያሉ ጠጠር ይወረውሩባታል። በሳይክል ብታልፋቸው አይደርሱባትም።

ጎማውን ወስዳ ስታሳያቸው ሽማግሌው አላዞሩትም። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን ጨመቅ ጨመቅ አደረጓቸው።

«እነዚህ የዛጉት ምንድን ናቸው?»

«ያን ቀን ያልተሰበሩት ናቸው፣ ባባ። ደህና ናቸው።»

«ሃይቦ! ምኑ ነው ደህና? እነሱም ያን ቀን እዚያው ነበሩ። ደክመዋል። አንዱ ይበጠሳል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ። ልጁ መኪና መሃል ሲሆን ነው የሚበጠሰው።» ጎማውን መልሰው ሰጧት። «ውሰጂው። ደንበኛ አለብኝ።»

ጎማውን ተሸክማ ተመለሰች። ፈሪድ አያውቅም። ሽቦዎቹ በጨርቅ ቢወለወሉ ማንም አይለያቸውም። ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ሁለቱን ጎማዎች አየቻቸው። ከዚያ ካቻቢቴዋን አነሣችና የፈሪድን መፍታት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ፈሪድ እየሮጠ ወጣ። «ቀጥ ብሎ ሲዞር አይቼዋለሁ! ሥራ እንዳልይዝ ነው አይደል? ወላሂ አንቺ...»

«አሁንስ አበዛችው!» አለች ሸፊቃ በመስኮት። «ሚስባህ፣ ና የልጅህን ጉድ እይ!»

አባቷ አልወጣም። ሩመይሳ የራሷን ጎማ ጎትታ አዲሶቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ መንቀል ያዘች። ልካቸው አንድ ነው። ፈሪድ ሽቦዎቹ ከየት እንደሚወጡ አየ። ግን አልረዳትም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ሽቦዎቹን ግራና ቀኝ እያቆላለፈች አስገባች። ዳዶዎቹን በትንሽ በትንሹ አጠበቀች፣ ሽቦዎቹን በጥፍሯ እየመታች አዳመጠች፣ እንደገና አጠበቀች። ጣቷ ደማ። በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ አልተነሣችም።

በማግስቱ ጎማውን ገጥማ የፈሪድን ሳይክል ደጅ አወጣችው።

«ንዳው። እኔ ከኋላህ መጫኛው ላይ እወጣለሁ።»

«አብደሻል?»

«እኔን ጭነህ ነው የተሰበረው። እኔን ጭነህ ሞክረው።»

ፈሪድ ትክ ብሎ አያትና ወጣ። መንገዱን ሽቅብ ነዳው። ልጆቹ የሚቆሙበትን ጥግ አለፉ፤ አንዱ የወረወረው ጠጠር አልደረሰባቸውም። ከዚያ ፈሪድ ሆን ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው። ሩመይሳ ጥርሷ ተጋጨ፤ መጫኛውን አጥብቃ ያዘች። ዞሮ ተመልሶ ያንኑ ጉድጓድ ደገመው። ምንም ቀጭ ያለ ነገር የለም።

ቆመ። «ውረጂ።»

ወረደች። ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን በጣቱ መታ መታ አደረጋቸው። ፊቱ አልተፈታም።

«የኔ ዕዳ የለብሽም፣ ሩመይሳ» አለ። «አሁን ግን አልጭንሽም፤ በእግርሽ ነው የምትመለሽው።»

«አውቃለሁ።»

ቁልቁል እየነዳ ሄደ። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ጥጉ፣ ልጆቹ ወደቆሙበት፣ ሳትቸኩል መራመድ ጀመረች።