የእትዬ ዋጋነሽ ዳንቴል

ጥር 1981 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት። አየር ጤና ፌርማታ።

በየነ በጋዜጣ የጠቀለለውን ሬዲዮ ታቅፎ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆመ።

«ተሠራ?» አለ ከኋላው የመጣ ሰው።

«ባትሪው ነበር። አሁን ይናገራል።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ሬዲዮው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። በባትሪ ማስቀመጫው ውስጥ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ፣ የሰባት ሰዎች ስም አለ። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ከየቤታቸው የሚለቀሙ ሰዎች ናቸው። ለማስጠንቀቅ የቀረው አንድ ቀን ተኩል ነው።

ተቀባዩ ቀለመወርቅ ነው። በኅቡዕ ድርጅታቸው ውስጥ ግን «ዘመዴ» ይሉታል። በየነ ደግሞ «ብየዳ» ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዘመዴ ሌላ አለቃ አያውቅም። በየነ የሚለው ስምም ቢሆን ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቁ ጋር አብሮ የተከራየው ነው።

«ሻለቃው አልጠረጠረህም?»

«እሱ የሚጠረጥረው ኮምፒዩተሯን ነው።»

በየነ ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም፤ ግን ሁለት ዓመት ብቻውን የከረመ ሰው ወሬ ይርበዋል።

ነገሩስ ያስቃል። የደኅንነቱ ሻለቃ አምሐ ኮልፌን በአንድ ግልምጫ ያስበረግጋል፤ ከምሳ በኋላ ግን ቢጃማውን ለብሶ በቴሌቪዥን አውሮፕላን ያበርራል። ታይፕራይተር የምታክለውን የጨዋታ ኮምፒዩተር ወንድሙ ከምሥራቅ ጀርመን ነው ያመጣለት። አውሮፕላኑ ሦስተኛው ተራራ ላይ ሲደርስ ሥዕሉ ድርቅ ይላል። ከዚያ ይጠፋና ከመጀመሪያው ይነሣል። ሻለቃውም ከሱ ጋር ይነሣል።

በየነ በሽታዋን ያገኘው ሊጠግናት በተጠራበት በመጀመሪያው ቀን፣ ካቻቪቴ እንኳ ሳያወጣ ነው። የሻለቃው ባለቤት እትዬ ዋጋነሽ ቤታቸው ውስጥ እርቃኑን የቆመ ዕቃ አይወዱም። ስልኩ ዳንቴል ለብሷል። ቴሌቪዥኑ ለብሷል። ለኮምፒዩተሯማ ሁለት ጣዎስ ያለበት ድርብ ዳንቴል ሠርተው መተንፈሻዋን ሁሉ ሸፍነውላታል። እጁን ከሥሩ ቢሰድ እንደ ምድጃ ፈጀው።

ጣዎሶቹን አደነቀ። ከዚያ በገዛ እጁ መልሶ አለበሳት። የዳነ በሽተኛ ሐኪም አያስጠራም። በሁለተኛው ጉብኝት ሻለቃው በስልክ ሲነጋገር የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ መሳቢያ ተከፈተ፤ ሰባቱ ስሞች ወደ ሲጋራ ወረቀት ተገለበጡ።

«በዳንቴል ታመመች በለኛ» አለ ዘመዴ። «ይህን ለማን ነገርክ?»

«ላንተ ብቻ።»

ሌላ በሽታ እንዳለባትም ሊነግረው ነበር። አውቶቡሱ መጣ።

አርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሻለቃው አስጠራው። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው ይፈለጋል።

ዘበኛው ቱሉ በሩ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣውን በጣቱ እየተከተለ ያነባል።

«ጋሽ በየነ፣ ‹እንቅስቃሴ›ን በአንድ ትንፋሽ አነበብኳት።»

«ወዬሳ ይስማልህ።»

«እሱማ ቢሰማ ያለቅሳል። እንደ በሬ እየጎተተ ነው ፊደል ያስቆጠረን።»

በየነ ፈገግታው ከፊቱ እንዳይወድቅ ያዘው። በመሠረተ ትምህርት ቱሉን ማንበብ ያስተማረው ወዬሳ ከሰባቱ ስሞች የመጨረሻው ነው። ማስጠንቀቂያው እስካሁን ደርሶት መሆን አለበት።

ሳሎን ገባ።

ዳንቴሉ የለም።

ኮምፒዩተሯ እርቃኗን ተቀምጣለች። ሻለቃው አራተኛውን ተራራ እያለፈ ነው። ሽጉጡ ከጎኑ፣ ሶፋው ላይ አለ።

«ቁጭ በል በየነ። ዛሬ አልደረቀችም። ዳንቴሉ ነው አሉኝ።»

«ማን አለ፣ ጓድ ሻለቃ?»

«የሚያውቅ ሰው።»

ላንተ ብቻ።

በየነ ተቀመጠ። የዳንቴሉን ነገር የሚያውቀው ዘመዴ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ የትም አልደረሰም። ሰባቱም ሰዎች ምንም ሳያውቁ ቤታቸው ናቸው።

እትዬ ዋጋነሽ ሻይ ይዘው ገቡ። «እርቃኗን አስቀራት። እንግዳ ሲመጣ ምን ይለኛል?»

«የዛሬዎቹ ዳንቴል አያዩም» አለ ሻለቃው፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ዘጠኝ ተኩል ላይ ይደርሳሉ። በየነም ይጠብቃቸዋል።»

የግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ ሦስት ደቂቃ ይጎድለዋል። ከአጥሩ ባሻገር ወፍጮ ቤት አለ። ሠራተኞቹ ከምሳ ተመልሰው ሞተሩን የሚያስነሡት ልክ ዘጠኝ ላይ ነው። ሞተሩ ሲነሣ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ይሰግዳል። የኮምፒዩተሯ ሁለተኛ በሽታ ይህ ነበር።

ሁለት ደቂቃ። አንድ።

ወፍጮው አጓራ። አምፖሉ ደብዝዞ ተመለሰ። ሥዕሉ ጠፋ፤ አውሮፕላኑም ከመጀመሪያው ተራራ ተነሣ።

«አምስተኛው ላይ ነበርኩ» አለ ሻለቃው በቀስታ። ሰው የሚፈራው እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ነው።

«ዳንቴሉ ግማሽ በሽታዋ ነው፣ ጓድ ሻለቃ። ሌላው ከቆጣሪው ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል።»

የሻለቃው ዓይን ከበየነ ወደ ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ ወደ ተራራው ሄደ። አብዮቱ ይህን ሰው በብዙ ነገር ፈትኖታል፤ በአምስተኛ ተራራ ግን አልፈተነውም።

«ቱሉ» ብሎ በመስኮት ተጣራ። «ቆጣሪውን ይይ። በሩን ግን እንዳትከፍትለት።»

ቆጣሪው ከውጭው በር አጠገብ ነው። በየነ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

«ቱሉ። ወዬሳን ነገ ሊነጋ ሲል ይወስዱታል። አሁን ካልወጣሁ የሚነግረው የለም።»

ቱሉ ጋዜጣውን አራት አጠፈው። ቤቱን ዞሮ አየ። ከዚያ መወርወሪያውን ሳበ።

«ፊውዝ እዚህ ሰፈር አይገኝም» አለ። «ሩቅ ነው። ቶሎ እንዳትመለስ።»

«አብረን እንውጣ።»

«በሩ ክፍት ከሆነ ከመታጠፊያው አታልፍም። ከውስጥ የሚዘጋው ሰው ያስፈልጋል።»

መወርወሪያው ከኋላው ጠቅ አለ።

መታጠፊያው ላይ ነጭ ላንድሮቨር መጣ። ከሾፌሩ ጎን ቀለመወርቅ፣ ያ «ዘመዴ»፣ ተቀምጧል፤ ሬዲዮው ጭኑ ላይ።

በየነ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።

መኪናው አለፈ።

ከዚያ በኋላ አልቆመም። ስሞቹን ሲገለብጥ አድራሻቸውን በቃሉ ይዞ ነበር። ሰባት ቤት፤ ከአየር ጤና እስከ ቀራንዮ፣ ከቀራንዮ እስከ ኮልፌ። በየበሩ የተናገረው አንድ ነገር ነው፦ «ዛሬ እዚህ አይደሩ።» የመጨረሻውን፣ ወዬሳን፣ ደብተር ሲያርም አገኘው።

«ማን ላከህ?»

«ተማሪህ።»

ቅዳሜ ማለዳ ሰባት በሮች ተሰበሩ። ሰባቱም ቤት ባዶ ነበር። የሻለቃው በር ላይ ግን ከአርብ ጀምሮ ሌላ ዘበኛ ቆሟል። ቱሉ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ሰው በሰፈሩ አልተገኘም።

በዓመቱ ነቀምቴ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ። ዘንቢል የያዘች ሴት ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ሬዲዮ ባንኮኒው ላይ አሳረፈች።

«ይሞቅና ዝም ይላል።»

ሰውየው ዳንቴሉን አነሣ። አራት አጥፎ መለሰላት።

«ይተንፍስ። ሌላ በሽታ የለበትም።»

«በሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ ጎረቤቶቼን እልክልዎታለሁ።»

ሰውየው ኪሱ ውስጥ ያለውን ፊውዝ በጣቱ ነካ።

«ቱሉ» አላት።